ከመሐላው በኋላ የተነሳው ራጅ

ራጅ አንሺ ነኝ። አምቦ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። የተሰበረ ክንድ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የዋጠ ሕፃን ሳይ ነው የምውለው። አብዛኛውን ቤቴ ሳልደርስ እረሳዋለሁ፤ ካልረሱት ይህ ሥራ አያሠራም። አንድ ምስል ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። የሰው አይደለም፤ የውሻ ነው። ሳቁ ግዴለም፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ።

ያኔ ገና አላገባሁም፤ ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ኦቦ ለታ ዕድሜውን በባኮና በነቀምት መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ መሪ የለመደ እጁን የሚያሳርፍበት አጣና ውሻ አሳደገ። ዝንጉርጉር ስለነበረ በኦሮምኛ ቡሬ ብሎ ሰየመው። ቡሬ ለጥበቃ ነው የመጣው ይባል እንጂ ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ የሚያስገባ ገር ውሻ ነበር። አባቴ ግን ስለ እሱ ክፉ መስማት አይወድም። እኔ ስታመም "ኪኒን ዋጪና ተኚ" የሚለኝ ሰውዬ፣ ቡሬ ሲያነጥስ ሰፈሩን ያምሳል።

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ አስካለ ይኖራሉ። እናቴ የሞተችው በልጅነቴ ነው። ከዚያ በኋላ ፀጉሬን የሠሩኝ፣ ልጃገረድ ስሆን ማወቅ ያለብኝን የነገሩኝ፣ ወጥ ሲያርብኝ ከራሳቸው ድስት ጨልፈው በአጥሩ በኩል ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ከምላቸው ያሳደጉኝ ብላቸው ይቀላል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ደረጀ የሚባል፤ ባኮ በቆሎ ይነግዳል፣ ኑሮው መኪና ላይ ነው። እሱ ስለማይገኝ የእናትነታቸውን ትርፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከማዕዳቸው የተረፈውን ደግሞ በአጥሩ ላይ ለቡሬ ይወረውሩለታል። ቡሬ የሁለት ቤት ውሻ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ ቡሬ አንድ ጥፋት አጠፋ። እትዬ አስካለ ለፋሲካ ብለው ያደለቧቸውን ሁለት ዶሮዎች አንቆ ገደለ። እትዬ አስካለ ከቤታቸው ወጥተው ላባውን ሲያዩ ዱላ አንስተው አሳደዱትና፣ ደጅ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "አንተ ውሻ፣ ቆይ ብቻ! ሞትህ በእኔ እጅ ነው" አሉ። ሰፈሩ ሳቀ። አባቴም ሳቀና በማግሥቱ ሁለት ዶሮ ገዝቶ ተካላቸው። በዚያው ቀን እሳቸው ራሳቸው ለቡሬ ቁራሽ ሲጥሉለት አይቻለሁ። በእኛ አገር በንዴት የተነገረ ቃል ንዴቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል ብዬ ነበር የማምነው።

ፋሲካ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ገዛና ቅርጫ አረድን። ሥጋውን በመደብ የሚደለድለው ኦቦ ዳባ ነው፤ የሰፈራችን ሽማግሌም እሱው ነው። ቢላ ሲይዝም ነገር ሲይዝም እጁ እኩል ይቆርጣል ይሉታል። የሰፈሩ ውሾች ዙሪያውን ተኮልኩለው፣ ቡሬም መካከላቸው ሆኖ፣ የሚወድቀውን ይለቅሙ ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ ቡሬ ምግብ እምቢ አለ። መጀመሪያ ጠግቦ ነው አልን። ከዚያ ለሃጩ ይዝረከረክ ጀመር፤ ጀርባውን ጎብጦ ይቆማል፣ ሊተኛ ሲል ያቃስትና መልሶ ይነሳል። አባቴ አጠገቡ ተንበርክኮ አየውና ፊቱ ተለዋወጠ።

"መርዝ ነው" አለ።

በእኛ ከተማ ውሻ ሲወድቅ ታመመ የሚል የለም። ውሻ ከወደቀ ተመርዟል ነው። ሌባ ግቢ ከመድፈሩ በፊት ውሻ ይመርዛል፣ የተቀየመ ጎረቤት ውሻ ይመርዛል፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለው። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቃል፤ ወተትና ጥሬ እንቁላል። አባቴ አፉን ፈልቅቆ ያዘ፣ እኔ በጠርሙስ አንቆረቆርኩለት። ግማሹ በደረቱ ፈሰሰ። ቡሬ የጠጣውን መልሶ አስታወከውና በዓይኑ ይለምነን ጀመር።

"ማን ነው ያበላው?" አለ አባቴ። መልሱንም ራሱ ሰጠ። "ትናንት አስካለ በአጥሩ ላይ ስትጥልለት አይቻለሁ። በዚህ በገዛ ዓይኔ።"

"አባዬ፣ እሳቸው መቼ የማይጥሉለት ቀን አለ?"

"ሞትህ በእኔ እጅ ነው አላለችም? አንቺ አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ። ሰፈሩም ሰምቷል። ችግሩም እሱ ነበር።

በነጋታው የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ዶክተር ቶሌራ የእንጭኒ ከተማ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ረጋ ያለ፣ ውሎው ከላምና ከበሬ ጋር ስለሆነ ሲናገርም የማይቸኩል። ቡሬን ሆዱን ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ጫን ሲል ቡሬ ጮኸ።

"ኦቦ ለታ፣ መርዝ ቢሆን እስካሁን ያቆየው አይመስለኝም" አለ። "የዋጠው ባዕድ ነገር ያለ ይመስለኛል። አጥንት ይሁን ሌላ ነገር በእጅ አይታወቅም።" ወደ እኔ ዞረ። "ሌንሳ፣ አንቺ እኮ ማሽኑ አለሽ። ራጅ ብናነሳው ይለይልናል።"

ያኔ ነው የሳቅኩት። ውሻ ራጅ ሲነሳ አስቡት። ቶሌራ ግን አልሳቀም።

የክሊኒኩን ባለቤት ላናግር ሄድኩ። እሱም የሰው ዶክተር ነው፤ ጥሩ ሰው፣ ግን ነጋዴም ነው። "ሌንሳ፣ ሰው በሚተኛበት ላይ ውሻ? ወሬው ከወጣ ማን ታማሚ ይመጣልናል? ጸበል ይረጭልን ሊሉ ነው እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እናቶች ሰምተው ቢሆን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ልጃቸውን አያስተኙም ነበር። ለመንኩት። አባቴን ስለሚያውቀው ልቡ ራራ። "እሑድ ከሰዓት ዝግ ነን። ያኔ አምጪው። ላስቲክ አንጥፊበት፣ ስትጨርሺ ጠረጴዛውን በበረኪና አጥበሽ ነው የምትወጪው" አለኝ። ቶሌራም እስከ እሑድ በመርፌና በግሉኮስ አቆየዋለሁ አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት በረርኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ ሽማግሌ ሰብስቧል።

ኦቦ ዳባ መሐል ተቀምጧል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው በር ላይ ቆመዋል፤ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ ነው አሉኝ። አባቴ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቆጣል።

"ትማልልኝ" ይላል። "ሌላ አልፈልግም። ካሳ አልፈልግም፣ ክስ አልፈልግም። ትማል።"

"ለታ፣ ለውሻ ብለህ ሰው ታስምላለህ?" አለው ኦቦ ዳባ።

"የውሻ ነገር አይደለም። ዛሬ ለውሻዬ የሰጠች እጅ ነገ ለልጄ ላለመስጠቷ ምን ዋስትና አለኝ? ይቺ ልጅ ከእሷ እጅ ነው እየበላች ያደገችው።"

ይህን ሲል እትዬ አስካለን አየኋቸው። እስከዚያ ድረስ ንዴት ላይ ነበሩ። ይህን ሲሰሙ ንዴቱ ከፊታቸው ጠፋ፤ በቦታው ምን እንደመጣ እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም። አባቴ ያን ጊዜ አፉን ቢይዝ ኖሮ የቀረው ሁሉ ይታረቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

"አባዬ፣ እሑድ ከሰዓት ራጅ ሊነሳ ነው። እስከዚያ ቆዩ" አልኩ። "ምን እንደዋጠ በዓይናችን እናያለን።"

"እሑድ ጠዋት ነው የምትምለው" አለ አባቴ። "የእግዜር ራጅ ከአንቺ ራጅ ይቀድማል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ዳባ አንገቱን ደፋ። የእኛ ሰው ከማሽንና ከመሐላ ምረጥ ቢባል የቱን እንደሚመርጥ የማታውቁ ካላችሁ ወደ ሰፈራችን ብቅ በሉ።

ቅዳሜ እለት እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። በር ተከፍቶ ነበር፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የደረጀን ጋቢ ያጣጥፋሉ። እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

"እትዬ፣ አይማሉ። በሉ አሞኛል ብለው ይቅሩ። እሑድ ከሰዓት እውነቱ ይወጣል።"

"ራጁ መርዝ ያሳያል?" አሉኝ።

ሙያዬ ነውና መዋሸት አልቻልኩም። "መርዝ አያሳይም። ብረት፣ አጥንት፣ ድንጋይ ነው የሚያሳየው።"

"እንግዲያ ምንም ባያሳይ እኔ ነኝ ማለት ነው?"

ጋቢውን አስቀምጠው ጭንቅላቴን እንደ ልጅነቴ ዳበሱኝ። "አየሽ፣ ሌንሴ። ስሜን በውሻ ሆድ ውስጥ አስይዤ ማሽን የምጠብቅ ሴት አይደለሁም። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ልማልና ይለይልን።"

"እትዬ፣ መሐላ እኮ ከባድ ነው።"

"ከባድ መሆኑን አባትሽም ያውቃል። አውቆ ነው የጠየቀኝ" አሉኝ።

እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ነገሩን ሲሰሙ "በዚህ በበዓል ሰሞን መሐላ? ሂዱ፣ ቤታችሁ ታረቁ" ብለው ገሠጿቸውና ገቡ። ሽማግሌዎቹ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከዛፉ ሥር ተሰባሰቡ። አባቴ የበዓል ልብሱን ለብሷል። እትዬ አስካለም ነጭ ለብሰዋል። ለሠርግ የተሰበሰቡ ነበር የሚመስሉት።

ኦቦ ዳባ ቃሉን ሊያስይዛቸው ሲጀምር እሳቸው አላስጨረሱትም። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ "ለለታ ውሻ መርዝ የሰጠሁ እንደሆነ፣ ስጥ ብዬ ሰው ያዘዝኩም እንደሆነ፣ ደረጀን ከመንገድ አይመልስልኝ" አሉ።

"ኧረ ልጅ አትጥሪ፣ አስካለ!" አለ ኦቦ ዳባ። ግን አልፏል። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ አማተበች። ደረጀ ያን ዕለት ከባኮ በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

አባቴም የደነገጠ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ መሐላ የጠበቀ አይመስለኝም። "በቃኝ፣ አስካለ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እርስዎም ይብቃዎት፣ ኦቦ ለታ" አሉት። ስንት ዓመት አንተ ሲሉት ኖረው ያን ቀን አንቱ አሉት። ነጠላቸውን መልሰው አጣፍተው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቡሬን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በባጃጅ ክሊኒኩ ወሰድነው። ባለባጃጁ ሕፃን መስሎት "እግዜር ይማረው" አለን። ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ። ቶሌራ የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋው። ሰው ቢሆን "ተንፍስ፣ አትተንፍስ" እለዋለሁ፤ ለውሻ ምን ይባላል? አባቴ ጨረር የሚከለክለውን የእርሳስ ልብስ ለበሰና የፊት እግሮቹን ያዘ፣ ቶሌራ የኋላውን። "ይሄ ነገር ከመኪና ጎማ ይከብዳል" አለ አባቴ፤ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ቀልድ ሲወጣው የመጀመሪያው ነው። እትዬ አስካለ ምለውለት ጥርጣሬው የለየለት ሰው ቀልድ ነበር፤ ገላግለውታል፣ ውሻውም ሊድን ይችላል።

የመጀመሪያው ምስል ደበዘዘ፤ ቡሬ ተንፍሷል። በጎኑ አዙረን ደገምነው። ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆመን ጠበቅን።

ምስሉ ወጣ። የጎድን አጥንቶቹ ተደርድረዋል፣ አከርካሪው ይታያል፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ጥላ ጠቁሯል። ከጨጓራው ግድግዳ አጠገብ ደግሞ አንድ ነጭ መስመር አለ። አጭር፣ ቀጭን፣ ጫፉ ታጥፎ እንደ መንጠቆ የሆነ። አጥንት እንደዚያ አይነጣም። እንዲህ የሚነጣ ብረት ብቻ ነው።

"ሽቦ ነው" አለ ቶሌራ።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መጀመሪያ ያሰበው ያው ነው። "ሥጋ ውስጥ ሸሽጋ ሰጥታው ይሆናላ" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

ቶሌራ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ኦቦ ለታ፣ እንዲህ ያለ የታጠፈ ሽቦ እኔ የማገኘው ከብት ሆድ ውስጥ ነው። ከብት ሣር ሲግጥ የወደቀ ሽቦም ምስማርም አብሮ ይውጣል። ከጨጓራው ጫፍ ያለች፣ ውስጧ የማር እንጀራ የሚመስል አንዲት ከረጢት አለች፤ እዚያ ይቀራል። ከቆየ ዙሪያውን ጠንካራ ሥጋ ይበቅልበታል። ቡሬ በፋሲካ ከበሬው ሆድ ዕቃ የበላው ነገር ነበር?"

ወደ አባቴ ዞርኩ። እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። ቡሬ በእንቅልፍ ልቡ ያንኮራፋል።

"አኑማቱ ኬኔፍ" አለ በኦሮምኛ። ከዚያ እኛ ያልሰማነው ይመስል በአማርኛ ደገመው። "እኔው ነኝ የሰጠሁት።"

ኦቦ ዳባ ሆድ ዕቃውን ሲለይ ከዚያች ከረጢት ላይ ጠንካራ እብጠት አግኝቶ ነበር። "ይሄ በሽታ ነው፣ ጣሉት" ብሎ ቆርጦ ወረወረው። አባቴ ደግሞ ለቡሬ ሥጋ ተገኘ ብሎ ከሌሎቹ ውሾች አስጥሎ፣ በገዛ እጁ፣ እየደባበሰ ሰጠው። ቡሬም ሌሎቹ እንዳይነጥቁት ሳያኝክ ዋጠው። ይህን ሁሉ አባቴ አፍ አውጥቶ የነገረን ስክሪኑን እያየ ነው። እኛን ማየት አቃተው።

ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። የእርሳሱን ልብስ እንደለበሰ ነበር። ሮጬ በሩ ላይ ያዝኩትና ከትከሻው አወለቅኩለት። ላብ አጥምቆታል።

"ማለች እኮ" አለኝ። "ሌንሴ፣ በልጇ አስማልኳት እኮ።"

ሰዓቴን አየሁ። ከመሐላው በኋላ ገና ግማሽ ቀን አልሞላም ነበር። አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅኩም።

በማግሥቱ ቶሌራ ሆዱን ከፍቶ ሽቦውን አወጣው። ቡሬ ዳነ። አባቴ ሽቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ኦቦ ዳባን አስከትሎ፣ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ እትዬ አስካለ ደጅ ተንበረከከ። እኔም ከኋላው ነበርኩ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲንበረከክ ሰፈሩ ከየደጁ ያያል። በዶሮዎቹ ነገር የሳቁት ሁሉ ያን ቀን አልሳቁም።

እትዬ አስካለ ወጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። "ይነሱ፣ ኦቦ ለታ። ይቅር ለእግዚአብሔር።"

አባቴ ወረቀቱን ፈትቶ ሽቦውን አሳያቸው። "ይኸው፣ እዪው። አንቺ አይደለሽም።"

አላዩትም። "ለእኔ ምን ያሳዩኛል? እኔ መጀመሪያም አውቀው ነበር" አሉት።

ይቅርታቸው የውሸት አልነበረም። ቂም የያዙ ሴት አይደሉም። ግን ይቅርታ መሐላን አያነሳም። ለእኛ የመሐላው ጉዳይ ተዘጋ፤ ለእሳቸው ገና መጀመሩ ነበር። በእውነት የማለ ሰው ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። እኔም ብያቸው ነበር። "እውነት ብሆንስ፣ ልጄን መያዣ አድርጌ መጥራቴ ልክ ነበር?" አሉኝ። ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ንስሐ ገቡ፣ ስግደት ታዘዘላቸው። ያልበደሉት ሴትዮ ሲሰግዱ ከረሙ። የደረጀ ስልክ ጥሪ ባልተቀበለ ቁጥር ደጅ ወጥተው ወደ ዋናው መንገድ ሲያዩ አያቸዋለሁ። ደረጀ ክፉ አላገኘውም፤ ዛሬም ባኮ በቆሎውን ይነግዳል። የእናቱ ፍርሃት ግን ለብቻው ዕድሜ ነበረው።

ለቡሬም ከዚያ ወዲህ አንድ ቁራሽ አልወረወሩም። እሱ ውሻ ነውና አይገባውም፤ በአጥሩ ሥር ይጠብቃቸዋል። እኔስ ሰው አይደለሁ? ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፣ ስመው ይቀበሉኛል፣ እንጫወታለን፣ እንደ ድሮው ይቀልዱብኛል። የሚበላ ግን አያቀርቡም። አንድ ቀን አውቄ "እትዬ፣ ርቦኛል" አልኳቸው። ፈገግ ብለው "ቤትሽ ቅርብ ነው እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ለዚያ ነው ልቤን የሰበረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማን አጠፋ ብላችሁ እያሰላሰላችሁ ሊሆን ይችላል። እኔም ብዙ ዓመት አሰላስያለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ያስተዳደረው ክሊኒኩን ነው፣ ሽማግሌዎቹ የያዙት ልማዳቸውን ነው፣ አባቴ የሚወደው ውሻ ሊሞትበት ነው፣ እትዬ አስካለም ክብራቸውን ነው የጠበቁት። እኔም የምችለውን ለምኛለሁ። ቢሆንም ይፀፅተኛል። ፀፀት ጥፋተኛ ፈልጎ አይመጣም። ማሽኑ እሑድ ጠዋትም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ቁልፉም በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እነሱ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰቡ ቡሬን ተሸክሜ መሮጥ እችል ነበር እያልኩ የማስበው ነገር እስከ ዛሬ አይለቀኝም።

ሥራዬ ላይ ግን አንድ ነገር ለውጦኛል። ልጁ የሆነ ነገር ዋጠ ብለው ባልና ሚስት እየተካሰሱ ሲመጡ፣ "ሠራተኛዋ ናት"፣ "እናትህ ናት" ሲባባሉ፣ በሩ ላይ አስቆማቸዋለሁ። መጀመሪያ ምስሉ ይውጣ፣ ከዚያ ትናገራላችሁ እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ምስል ቢዘገይም ይወጣል፤ ከአፍ የወጣ ነገር ግን አይመለስም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ዝምተኛ ሆነ። እትዬ አስካለ ባለፉ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እሳቸውም "በእግዜር፣ ይቀመጡ፣ ኦቦ ለታ" ይሉታል። ከዚህ ሌላ ብዙ አይነጋገሩም። ሊሞት ሲል ስማቸውን ጠርቶ ነበር፤ መጥተው እጁን ይዘውት ተቀምጠዋል። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ እኔ ስገባ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር።

በልቅሶው ሰፈሩ እንደ ወጉ እዝን ይዞ መጣ። ወጡን በድስት፣ እንጀራውን በሌማት፣ ድፎውን በጨርቅ ጠቅልለው ጎረቤቶቻችን ሁሉ በየተራ ገቡ። እትዬ አስካለ ከማንም በፊት ደርሰው፣ ከማንም በላይ አልቅሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ አጠገብ ሳይለዩ ሰነበቱ። ጥቁር ለብሰው እንደ እህት አዘኑለት። ሦስተኛው ቀን ላይ ወጣ ብለው ተመለሱ። የሱቁ ሰው ከኋላቸው የታሸገ ውሃ ተሸክሞ ገባ፤ ፋብሪካው የጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። አጠገቤ አስቀመጠው።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ "ከሱቅ ነው፣ ልጄ፤ አሁን ነው የተገዛው። እኔ አልከፈትኩትም" አሉኝ።

ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።